የተሰረዘው መጪ ዘመን



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የማነሣው ስለ ሹማምንትና ስለ ሕግ፣ ስለ ምርጫና ስለ እስራት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አሮጌ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ልጽፍ መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን፣ ነገሩ ከምናውቀው ጉዳያችን ሩቅ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር 2013 የመጀመሪያ ሳምንት አንድ የብሪታንያ ጋዜጣ እንግዳ ወሬ ይዞ ወጣ። «ዶክተር ሁ» ከተባለው የቢቢሲ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ለአርባ ዓመታት ያህል ጠፍተው የኖሩ ከመቶ በላይ ክፍሎች ተገኙ አለ። የተገኙትም፣ ጋዜጣው እንደ ጻፈው፣ በኢትዮጵያ ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። የአገራችን ስም በውጭ ጋዜጣ ላይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከረኃብ፣ ወይ ከጦርነት፣ ወይ ደግሞ ከረዥም ርቀት ሩጫ ጋር ነው። አሁን ግን ባለጸጋይቱ ብሪታንያ የገዛ ንብረቷን በገዛ እጅዋ አጥፍታ ሳለ፣ እኛ ድሆቹ ጠብቀን አቆየንላት ተባለ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት በለንደን መደርደሪያ ላይ መኖራቸውን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ወሬ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መገመት አያዳግትም። «የእኛን ወሰዳችሁ፤ የእናንተን ግን ጠበቅንላችሁ» የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ርእሱን ሁሉ መርጬለት ነበር።

ኩራቴ ሳምንት አልሞላውም። ቢቢሲ ራሱ መግለጫ ሲሰጥ፣ የተገኙት ክፍሎች ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው፣ የተገኙትም በኢትዮጵያ ሳይሆን በናይጄሪያ፣ ጆስ በተባለችው ከተማ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ጽሑፌን ቀደድሁት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያ የቢቢሲ ሀብት በመጀመሪያ እንዴት ጠፋ? ጦርነት ያላወደመውን፣ ዘራፊ ያልደረሰበትን ነገር ማን አጠፋው? መልሱን ፍለጋ ስከታተል ያገኘሁትን ነው እነሆ ለእናንተ የማካፍለው።

ሣጥኑና ቴፑ

«ዶክተር ሁ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ስሙ የማይታወቅ፣ በዘመናት መካከል ስለሚመላለስ ሽማግሌ ነው። የሚጓዝበት መሣሪያ ከውጭ ሲያዩት ከአንድ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን አይበልጥም፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ ግን እንደ አዳራሽ ሰፊ ነው። የድራማው አዘጋጅ ቬሪቲ ላምበርት ሃያ ስምንት ዓመት እንኳ ያልሞላት ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ዳይሬክት ያደረገው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ በሕንድ የተወለደ ወጣት ነበር። እስከ 1969 ባሉት ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች በጥቁርና ነጭ ተሠሩ። ገንዘቡ ጥቂት፣ ጌጡም ካርቶንና ቀለም ነበር፤ የብሪታንያ ሕፃናት ግን ቅዳሜ ማታ ከሶፋ ጀርባ ተደብቀው ያዩት ነበር ይባላል።

ቢቢሲ ከ1967 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ውስጥ ይህንን ሥራ ሰረዘው። ቃሉን በጥንቃቄ ነው የመረጥሁት። አልተቃጠለም ነበር፤ አልተሰረቀም ነበር፤ ተሰረዘ። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ እጅግ ውድ ዕቃ ነበር፤ አንዱን ቴፕ አጥፍቶ ሌላ መቅዳት እንደ ጥሩ ቁጠባ ይቆጠር ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የተደረገው ስምምነትም አንድ ሥራ እንደገና እንዲታይ የሚፈቅደው በጠባቡ ነበር። በመጨረሻም የቀለም ቴሌቪዥን መጣና ጥቁርና ነጩ ሥራ ገዢ የሌለው ሸቀጥ ሆነ። ቴፑን የሚይዘው ክፍል፣ ለውጭ ሽያጭ የተዘጋጀው የፊልም ቅጂ በሌላው ክፍል አለ ብሎ ሰረዘ። የፊልሙን ቅጂ የያዘው ክፍል ደግሞ ዋናው በቤተ መዛግብት ተቀምጧል ብሎ ጣለ። ቤተ መዛግብቱ በበኩሉ፣ እነዚህን ሥራዎች የማስቀመጥ ግዴታ አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ሳንሱር አላደረገም፤ ካድሬ አላዘዘም፤ ጠላት አልገባም። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የተሰጣቸውን ዝርዝር ይዘው፣ በሰዓታቸው ገብተው፣ በሰዓታቸው ወጥተው፣ መደርደሪያ አጸዱ። ይህ ነገር እስከ 1978 ቆየ። በዚያ ዓመት ቢቢሲ ሱ ማልደን የተባለችውን ሴት ለቤተ መዛግብቱ መራጭ አድርጎ ሾመ። እርስዋም ከሥራዋ መጀመሪያ ላይ «ዶክተር ሁ»ን እንደ ምሳሌ ወስዳ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ መቁጠር ጀመረች። መጥፋቱ የታወቀው አንድ ሰው መቁጠር ሲጀምር ነው።

የተራ አገሮች ጓዳ

ታዲያ ዋናው ከጠፋ ምን ተረፈ? የተረፈው ወደ ውጭ የተላከው ነው። ቢቢሲ ድራማውን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እየገለበጠ ለብዙ አገሮች ሸጦ ነበር፤ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ፣ ለሆንግ ኮንግና ለቆጵሮስ፣ ለናይጄሪያና ለዛምቢያ። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያም ስም ይገኛል፤ ስለዚህ የ2013ቱ ወሬ ያለ ምንም መነሻ የተፈጠረ አልነበረም። አንዱ አገር አሳይቶ ሲጨርስ ጥቅሉን ለቀጣዩ ይልካል፤ የመጨረሻው ተቀባይ ወይ ይመልሳል ወይ ያጠፋል። ትእዛዙን በትክክል የፈጸመ ጣቢያ ዛሬ ምንም የለውም። የሚመሰገነው ትእዛዙን ችላ ያለው፣ ጥቅሉን ከመደርደሪያ ጀርባ የረሳው ነው።

እንዲህ ሆኖ ነው የጠፋው አንድ በአንድ መመለስ የጀመረው። በ1983 ሁለት ክፍሎች በለንደን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተገኙ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከናይጄሪያና ከቆጵሮስ ጥቅሎች ተመለሱ። በ1992 ከሆንግ ኮንግ የአንድ ታሪክ አራቱም ክፍሎች በሙሉ ተገኙ። በ1999 አንድ ክፍል ከኒውዚላንድ መጣ። በመጨረሻም ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ የጠፉ ፊልሞች ፈላጊ፣ የአፍሪካን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ሲያስስ ቆይቶ፣ በጆስ ከሚገኝ የማሠራጫ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ ጥቅሎች አገኘ። አሥራ አንድ ክፍሎች ለንደን ደረሱ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ቀድሞም የነበሩ፣ ዘጠኙ ግን የጠፉ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይጎድሉ የነበሩት 106 ክፍሎች ወደ 97 ዝቅ አሉ።

ሞሪስ እንደሚናገረው ግን፣ መጀመሪያ ሲያገኛቸው የነበረ አንድ ጥቅል ፊልሞቹ እስኪላኩ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠፍቷል። ይህ «የፍርሃት ድር» የተባለው ታሪክ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ በኋላ ከድራማው ዝነኛ ሰዎች አንዱ የሆነው መኮንን ሌዝብሪጅ ስቱዋርት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚልበትም እርሱ ነው። አርባ ዓመት ማንም ያልፈለገው ጥቅል፣ ፈላጊ እንዳለው በታወቀ ማግሥት ተሰወረ። ዋጋ የሌለው ነገር ይጣላል፤ ዋጋ ያለው ነገር ይሰረቃል። ጠባቂ የሚያስፈልገው በሁለቱም ጊዜ ነው።

በቁራጭ ወረቀት የወደቀ አምባገነን

ከጆስ ከተመለሱት ታሪኮች አንዱ «የዓለም ጠላት» ይባላል። ዴቪድ ዊተከር የጻፈው፣ ባሪ ሌትስ ዳይሬክት ያደረገው፣ ከ1967 መጨረሻ እስከ 1968 መጀመሪያ የታየ ባለ ስድስት ክፍል ሥራ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2018 ነው ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ለእነሱ መጪ ዘመን የነበረው ለእኛ አልፎ ትናንት ሆኗል።

በታሪኩ ውስጥ ሳላማንደር የሚባል ሰው አለ። የፀሐይን ኃይል ሰብስቦ ምድረ በዳን የሚያለማ መሣሪያ ስላለው፣ የዓለም እህል በእጁ ነው፤ ሕዝብም ያጨበጭብለታል። አልታዘዝ ባለ አገር ላይ ግን የምድር መንቀጥቀጥ ይነሣል፣ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል። አደጋውን የሚያስነሡት ደግሞ ሳላማንደር ከምድር በታች ያስቀመጣቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በላይ የኑክሌር ጦርነት ገና እንደቀጠለ፣ ምድሪቱም እንደ ተመረዘች፣ እርሱ ብቻ ለነፍሱ ሳይሳሳ ወጥቶ ምግብ እንደሚያመጣላቸው ተነግሯቸው፣ አምነውት ለዓመታት ይኖራሉ። ጠላትን የሚመቱ መስሏቸው ወንድሞቻቸውን ይመታሉ። ያለ ጦርነት የጦርነት ዐዋጅ የሚኖርበትን አገር ይህን ያህል በአጭሩ የገለጸ የፖለቲካ ጽሑፍ ብዙ አላነበብሁም።

ይህ ሐሰት የሚፈርሰው በጦር አይደለም። አንድ ቀን ከመጣው የምግብ ሣጥን ላይ ተጣብቆ የቀረ የጋዜጣ ቁራጭ ይገኛል። ወሬው ተራ ነው፤ የሽርሽር መንገደኞች የጫነች መርከብ ሰጠመች ይላል። ስዋን የተባለው ሰው ያነበዋል። ጦርነት ባለበትና ምድር በተመረዘችበት ዓለም ለሽርሽር የሚሄድ ማን ነው? ያ ሁሉ ዓመት የተገነባው ሐሰት ማንም ቆሻሻ ብሎ በማይቆጥረው ቁራጭ ወረቀት ተናደ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። እስከ 2013 ድረስ ከስድስቱ ክፍሎች በቢቢሲ እጅ የነበረው ሦስተኛው ብቻ ነበር። ከምድር በታች ያለው ዓለም በዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ የሚገለጠው ከአራተኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ደካማና አሰልቺ እያሉ የሚተቹት ሰዎች የሚፈርዱት በአንድ ስድስተኛው ላይ ነበር። ሙሉው ሲመለስ ፍርዱ ተለወጠ፤ ከዘመኑ ጥሩ ሥራዎች ጋር ይቆጠር ጀመር። ሥራው ያው ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። የተለወጠው የፈራጆቹ ማስረጃ ነው። ስለ ገዛ ታሪካችን በየዕለቱ የምንከራከር ሰዎች፣ ስንቶቻችን ነን ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ይዘን የምንፈርድ?

የኦፕሬተሩ ጣት

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጀርመናዊው ፍሪትስ ላንግ የሠራው «ሜትሮፖሊስ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በበርሊን ተመረቀ። ባለጸጎች በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ፣ ሠራተኞች ከምድር በታች የሚኖሩባት የወደፊት ከተማ ታሪክ ነው። ፊልሙ ለንግድ ረዘመ ተብሎ ከምረቃው በኋላ ተቆራረጠ፤ በአሜሪካም በጀርመንም መቀስ ገባበት። ከሩብ የሚበልጠው አካሉ ጠፍቶ፣ ለሰማንያ ዓመታት ዓለም ያወቀው ጎደሎውን ነው።

ሳይቆረጥ የወጣ አንድ ቅጂ ግን ወደ አርጀንቲና ሄዶ ነበር። ከአከፋፋይ ወደ ሃያሲ፣ ከሃያሲ ወደ መንግሥት ድርጅት፣ ከዚያም ወደ ቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም ተሸጋገረ። ፈርናንዶ ፔኛ የተባለው የፊልም ታሪክ ተመራማሪ ነገሩን የጠረጠረው በአንድ ተራ ጨዋታ ነው። የአንድ ፊልም ክበብ አዛውንት፣ ድሮ «ሜትሮፖሊስ»ን ሲያሳዩ ፊልሙ በማሳያው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረ ከሁለት ሰዓት በላይ በጣታቸው ይዘው መቆማቸውን እያማረሩ ይነግሩታል። ፔኛ ቆም ብሎ አሰበ። በዓለም ላይ የሚታወቀው ቅጂ ያን ያህል አይረዝምም! ፈቃድ አግኝቶ ጥቅሉን እስኪከፍት ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በ2008 እርሱና የሙዚየሙ ኃላፊ ፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር ሣጥኑን ሲከፍቱ፣ የጠፋው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እዚያው ነበር፤ ቧጨራ የበዛበት የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ፣ ግን ሙሉ ለሙሉ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው። በፌብሩዋሪ 2010 ታድሶ በበርሊን ታየ።

አንድ የሰማንያ ዓመት ምሥጢር በአንድ ሽማግሌ የጣት ሕመም ተፈታ። ሽማግሌዎቻችን የሚነግሩንን ተራ የሚመስል ጨዋታ በትዕግሥት መስማት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ነገሩ የልብ ወለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በጁላይ 1969 የሰው ልጅ ጨረቃን ረገጠ። ከጨረቃ በቀጥታ የተላከው ጥራት ያለው ምስል በልዩ ቴፕ ተቀድቶ ነበር፤ በየቤቱ የታየው ጥራቱ የቀነሰ ግልባጭ ነው። አርባኛው ዓመት ሲከበር፣ በ2009፣ ናሳ ለረዥም ጊዜ ሲያካሂድ የቆየውን ፍለጋ ውጤት ገለጠ፤ እነዚያ ቴፖች በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ቴፕ በጠፋበት ወቅት፣ ተሰርዘው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ አልቀሩም። ናሳ ያሳደሰው ምስል ከቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ከሌሎች ማኅደሮች የተሰበሰበ ግልባጭ ነው። ጨረቃ ድረስ መሄድ የቻለ መንግሥት፣ የሄደበትን ማስረጃ መደርደሪያ ላይ ማቆየት አልቻለም።

ግንቦት 13

እስካሁን በሰው ላይ ስፈርድ ቆየሁ፤ አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

ከጠፉት የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ውስጥ ድምፁ የጠፋ አንድም የለም። ምክንያቱም በ1960ዎቹ አንዳንድ የብሪታንያ ልጆች የቴፕ ማጫወቻቸውን ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው፣ ቤተ ሰቡን ዝም አሰኝተው ይቀዱ ነበር። የመንግሥት ድርጅት ያልጠበቀውን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጠበቀው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ግን ደስ አላለኝም። እኔ በዚያው ዕድሜ ላይ ሆኜ የተገላቢጦሹን አድርጌያለሁና።

አባቴ ለሕክምና ባሕር ማዶ በሄደበት ጊዜ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ፣ በደብዳቤ ፈንታ ካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ላከልን። እያንዳንዳችንን በየስማችን እየጠራ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት እየጠየቀ፣ ለእናቴ ብቻ የገባትን ቀልድ እየጣለ፣ በመካከሉም እያሳለ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተናገረ። አልተመለሰም። እናቴ ካሴቱ ላይ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት በላዩ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ሰብራ፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ከሣጥንዋ አኖረችው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ማክሰኞ ቀን፣ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው መሄዳቸውን ሬዲዮ ተናገረ። አንባቢዎቼ ያን ቀን ታስታውሳላችሁ። «ይህ ታሪክ ነው፤ መቀዳት አለበት» አልሁ። ባዶ ካሴት ፈለግሁ፤ አጣሁ። የእናቴን ሣጥን ከፈትሁ። የተሰበሩትን ክዳኖች ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቄ፣ ዜናው ሲደገም ቀዳሁ።

በኋላ ይህን ባወቀች ጊዜ እናቴ አልተቆጣችም። ካሴቱን ተቀብላ፣ በዚያው ነጠላ ጠቅልላ መለሰችው። ስትሞት ከሣጥንዋ ያገኘሁት እንደዚያው ነው።

ያን ዜና ዛሬ ማንም ሰው በየትም ቦታ ሊያገኘው ይችላል። እልፍ ሰው ቀድቶታል፤ በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኔ አላተረፍሁትም። ያጠፋሁት ነገር ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ዜናው ካለቀ በኋላ በካሴቱ መጨረሻ የተረፈ ሁለት ደቂቃ ያህል አለ፤ አባቴ ክረምት ሳይገባ የኩሽናው ጣራ እንዲጠገን የሚያዝዝበት። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት በዚያ ብቻ ነው። «ቁጡ ሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁኛል። አልነበረም። ግን እነርሱ ያላቸው ሦስተኛው ክፍል ነው።

የቢቢሲን ሠራተኛ እንዴት ልውቀስ? እርሱም እኔም ያደረግነው አንድ ነው፤ ዛሬ ትልቅ የመሰለንን ለማስቀመጥ፣ ትንሽ የመሰለንን አጠፋን። የትኛው ትልቅ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ነው።

ስለ ቤታችን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሠ ነገሥት ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሌሎችም ተከትለዋል። በተቀየረ ቁጥር ፎቶግራፍ ከግድግዳ ማውረድ፣ ሐውልት ማፍረስ፣ መዝሙር መለወጥ ልማዳችን ሆኗል። መዝገብ ኃይል እንዳለው ሹማምንቶቻችን ያውቃሉ። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር እየተቀላቀለ በአገራችን ቴሌቪዥን ታይቷል። ድግሱን የቀረጸው ሰው አንድ ቀን ለዚህ ይውላል ብሎ አልቀረጸውም። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስለቆየ ግን ዋለ።

ሆኖም እኔ ከሹማምንት ቂም ይልቅ የምፈራው የእኛን ግዴለሽነት ነው። ቂመኛ የሚያጠፋው የሚጠላውን መርጦ ነው፤ ግዴለሽ ግን ሁሉንም ያጠፋል። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር የሚባል ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ያለን ሕዝብ ነን፤ መጽሐፍንና ወረቀትን ማክበርም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ለፊልም፣ ለቴፕና ለካሴት ግን ያንን ክብር ገና አልሰጠንም። ለብራና ያለቀስን ሰዎች፣ የገዛ አባታችንን ድምፅ እንሰርዛለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው ለመንግሥት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የተቀረጸበት ማናቸውም ምስልና ድምፅ፣ የትኛውንም ሥርዓት ያወድስ ወይም ያውግዝ፣ ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይገለጥ። ሱ ማልደን የጀመረችው በመቁጠር ነው፤ መቁጠር ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለተኛው ለእናንተ ነው። በአዲስ አበባ ቆጥ ላይ፣ በዋሽንግተን ምድር ቤት፣ በቴል አቪቭ ቁም ሣጥን፣ ወይም በሪያድ ሻንጣ ውስጥ ያለ አሮጌ ካሴትና የቪዲዮ ክር ካላችሁ፣ ምን እንዳለበት ሳታዳምጡ አትጣሉት፤ ሌላም አትቅዱበት። ያረጀ ቴፕ እያደር ይበላሻልና ቶሎ አስገልብጡት። በላዩም የተናጋሪውን ስምና ዘመኑን ጻፉበት።

ስለ እኔ ካሴት ግን፣ አንድ ወዳጄ ከዜናው ሥር የአባቴ ድምፅ በጭላንጭል ቀርቶ እንደሆነ በመሣሪያ ሊሞክርልኝ ወሰደው። መለሰልኝ፤ ከሥር ምንም የለም። በነጠላው ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።